መስከረም 1 የጀመርኩት ሁሉ ደመራው ሳይለኮስ ይቀራል፤ ልማዳችሁን የለወጣችሁ እንዴት ቻላችሁ?

የቀሃው ሰው | ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20

እንደምን አመሻችሁ። ዕድሜዬ 46 ነው፤ ጎንደር፣ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ እኖራለሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከወንበር አልነሳም። ባለፈው ሳምንት የታመመ ባልደረባችንን ልንጠይቅ ሄደን ሳለ፣ በዚያው የደም ግፊታችሁን ተለኩ ተባልንና እኔም ክንዴን ዘረጋሁ። 158 በ98። የለካችኝ ልጅ ቁጥሩን አይታ ምንም አላለችም፤ ጨርቁን ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው። ሁለተኛው 156 በ98 ሆነ። ያን ጊዜ ቀና ብላ «ከቤተሰብ ግፊት ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ። አባቴ በ59 ዓመቱ፣ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወድቆ፣ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ከ8 ወር በኋላ ነው ያረፈው። ይህን ሁሉ ለልጅቷ አልነገርኳትም። «አዎ» ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ጥፋቴን አውቀዋለሁ፤ መካሪ አጥቼ አይደለም። በቀን 5 ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ፣ በእያንዳንዱ 3 ማንኪያ ስኳር። ወጡን ሳልቀምስ ጨው እነሰንስበታለሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ ስወጣ ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ፤ 2 ቢራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ 4። ከዚያ በእግር ብሄድ ብዙ የማይርቀውን መንገድ ባጃጅ ተሳፍሬ ቤቴ እገባለሁ።

በየዓመቱ መስከረም 1 ቃል እገባለሁ። ዘንድሮ ደብተር ገዝቼ ሰባት ነገር ጻፍኩ፤ ስኳር አቆማለሁ፣ ጨው አቆማለሁ፣ ቢራ አቆማለሁ፣ ጠዋት እሮጣለሁ እያለ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት አልቆየሁም፤ አንዱን ስለቀው ሌላው ተከተለ፣ የደመራ ዕለት አንድም አልቀረም። ደብተሩን ባየሁት ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። እባካችሁ፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሯችሁ ንገሩኝ። ክፉ ልማድ ያስለቀቃችሁ ምንድን ነው?


ነርሷ ከአዘዞ | ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ5

ጋሼ፣ የአባትዎን ነፍስ ይማር። አስቀድሜ በሙያዬ ያለውን ልናገር። የደም ግፊት በአንድ ቀን ልኬት አይፈረድበትም። በሌላ ቀን፣ ከዚያም በሌላ ቀን ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም አይቅመሱ፤ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያቆላልፉ፣ 5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ፤ ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልዎ «መጀመሪያ ልማዴን ላስተካክል» ብለው አይዘግዩ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ክኒኑን ትተው በነጭ ሽንኩርት ብቻ ሲታገሉ ቆይተው በቃሬዛ የሚመጡ ሰዎችን ስለማይ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ስለ ጨው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው፤ ያውም ወጡ ውስጥ ያለውን፣ በርበሬው ሲዘጋጅ የገባበትን፣ ዳቦውን ሁሉ ጨምሮ። እርስዎ ከላይ የሚነሰንሱት በዚያ ላይ የሚደረብ ነው። ስኳሩንም ቆጠርኩት። 5 ብርጭቆ በ3 ማንኪያ 15 ማንኪያ ይሆናል፤ አንዱን ማንኪያ 4 ግራም ብንለው 60 ግራም። የሚመከረው ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ደግሞ ከዚያም በግማሽ እንዲያንስ ነው። በሻይ ብቻ አልፈውታል። ደስ የሚለው፣ ምላስ ይለምዳል፤ ጨውም ስኳርም ቀስ እያሉ ሲቀንሱት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የድሮው ይበዛብዎታል።

የጣለዎት ግን ሰባቱን በአንድ ጠዋት መጀመርዎ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ብቻ ይምረጡ።

ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በየቀኑ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በድንገት አያቁም። ሰውነቱ የለመደው መጠጥ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥበት መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት፣ ለሞትም ሊያበቃው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው። ቤተሰብም «ወንድ ከሆነ ያቁም» ብሎ አይዝጋበት።


የማራኪው መምህር | ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40

ከመጽሐፍ አትንገሩኝ ብለዋል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ የሥነ ልቦና መምህር ስለሆንኩ ጥቂት ከዚያ ልናገር። ነርሷ «አንድ ብቻ» ያለችበት ምክንያት አለው።

ደጋግመን የሠራነውን ነገር አንጎላችን ከጊዜ በኋላ ባዛል ጋንግሊያ ለሚባለው ውስጠኛ ክፍሉ ያስረክበዋል። ከዚያ ወዲያ ድርጊቱን የሚቀሰቅሰው ምልክት ነው፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ አብሮ ያለው ሰው፣ ከእሱ በፊት የሠራነው ሥራ። እርስዎ ቢሮ ተቀምጠው «ዛሬ ቢራ ልጠጣ ወይስ ይቅርብኝ» ብለው አይማከሩም። 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ የቢሮው በር ይቆለፋል፣ እግርዎ ይወስድዎታል። ስለዚህ ጠብዎን ከ11 ሰዓት ተኩል ጋር ያድርጉት።

ብዙ ሰው ልማድ በ21 ቀን ይያዛል ይላል። ይህ ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ከጻፈው የተወሰደ ነው። እሱ የታዘበው ፊታቸው በቀዶ ሕክምና የተለወጠ ሰዎች አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱ ቢያንስ ይህን ያህል ቀን እንደሚፈጅባቸው ነው፤ ሩጫ ወይም ስኳር አልለካም። የለኩት ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ናቸው፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን። 96 ሰዎች አንድ አንድ ትንሽ ነገር መርጠው፣ ለምሳሌ ከቁርስ ጋር ውሃ መጠጣትን፣ ለ84 ቀናት በየቀኑ ከአንድ ከታወቀ ጊዜ ጋር አያይዘው ሠሩት። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን የፈጀው ጊዜ መሃለኛው 66 ቀን ነበር። ሰው ከሰው ግን በጣም ይለያያል፤ ለአንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው በስሌት 254 ቀን። ከዚህ ሁሉ እኔን የነካኝ ሌላው ውጤት ነው። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ተማሪዎቼ ላይ የማየው ግን ሰው አንድ ቀን ሲዘል «በቃ፣ ተበላሸ» ብሎ ሁሉንም እንደሚጥል ነው። የዘለለው ቀን ምንም አላደረገውም፤ «ተበላሸ» ያለው ቃል ነው የጣለው።

ደብተርዎን አይጣሉት። «ስኳር አቆማለሁ» ያሉትን ይሰርዙና «ሻይ ሲቀርብልኝ አንድ ማንኪያ ጨምሬ የስኳሩን ዕቃ ወደ ጎረቤቴ አሻግራለሁ» ብለው ይጻፉ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር በዚህ መልክ፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብለው የሚያቅዱ ሰዎች እንዲሁ ከሚመኙት የበለጠ እንደሚፈጽሙ በጥናት አሳይቷል።


ባለ ቆሎው | ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

መምህሩ የጻፉት በእኔ ላይ የደረሰ ነው። 17 ዓመት አጭሻለሁ፤ ካቆምኩ 4 ዓመት ሆነኝ።

ከምሳ በኋላ ፒያሳ ቡና እጠጣለሁ። ከመጀመሪያው ስኒ ጋር አንድ ሲጋራ፣ ከሁለተኛው ጋር አንድ። ፓኬቱ የሸሚዜ የግራ ኪስ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ አቁሜ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ የመለሰኝ ያው ወንበር ነው። ቡናው ሲመጣ እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ኪሴ ይሄዳል። ኪሱ ባዶ ነው። እጄ እዚያው ደረቴ ላይ ይቀራል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ያንን ያያል፣ ያዝንልኛል፣ «እንካ» ይለኛል።

በአራተኛው ሚስቴ ገብስና ሽንብራ ቆልታ፣ በትንሽ ላስቲክ ቋጥራ፣ በዚያው በግራ ኪሴ ከተተችልኝ። እጄ ሲሄድ ቆሎ አገኘ። ሌላ ምሥጢር የለኝም። ቡናውን ለሁለት ወር ትቼ ሻይ ያዝኩ፤ ከበረንዳው ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማጨስን ስለከለከለ እዚያ የሚያጨስ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው፤ በልጆቼ ላይ ጮኼባቸዋለሁ፣ ሌሊት አልተኛሁም። ግን አምሮቱ እንደ ዶፍ ዝናብ ነው፤ ወርዶ ወርዶ ያባራል። አንድ እፍኝ ቆሎ አንድ በአንድ ሲቆረጠም ያልፋል። ከወር በኋላ በጣም ቀለለኝ። ዛሬም ሸሚዝ ስገዛ የግራ ኪስ ያለውን ነው የምመርጠው።


ቁርጠኛው | ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። ሰዓት፣ ቦታ፣ ኪስ እያልን ለሰው ሰበብ እንሰጠዋለን። አባቴ 30 ዓመት ካጨሰ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት «በቃኝ» ብሎ ፓኬቱን ምድጃ ውስጥ ጣለው። ዳግመኛ አልነካውም። ማንም ቆሎ አልቋጠረለትም። ሰው ከቆረጠ ቆረጠ ነው፤ የጎደለን ልብ ነው።


ባለ ቆሎው | ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40

አባትህን አከብራቸዋለሁ፣ ወንድሜ። በአንድ ቀን የሚያቆም ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዚያ ጠዋት በኋላ የት ይውሉ ነበር?


ቁርጠኛው | ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝና እናቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ በዚያ ዓመት ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ጠዋት ጠዋት ሎዛ ማርያም ኪዳን ማስደረስ ጀምሮ ነበር አለችኝ። ከሥራ ሲመለስም የድሮውን መንገድ ትቶ በሌላ በኩል ይመጣ ነበር። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ያየሁት ምድጃውን ብቻ ነው። ቁርጠኝነት ያስፈልጋል ያልኩትን አልተውም። ይህን ግን አላውቅም ነበር፤ ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ።


የቁስቋም ሽማግሌ | ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። 76 ዓመቴ ነው።

እኛ ልማድ መለወጥ የማንችል ሕዝብ አይደለንም። ዐቢይ ጾምን ተመልከቱ፤ 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። የፍስኩ ድስት ታጥቦ ይሰቀላል። ጎረቤትም ሽሮ ነው፣ ባለጠጋውም ሽሮ ነው። ማንም ሰው ማለዳ ተነሥቶ «ዛሬስ ልጹም ወይስ ይቅር» ብሎ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ ቀኑ ተቆርጧል፣ ሰዓቱ ተቆርጧል፣ ሁሉም በአንድ ነው። የፋሲካ ዕለት ደግሞ ሁላችንም በአንድ ሌሊት እንመለሳለን፣ ድስቱም ሥጋ ቤቱም ስለተመለሰ። ጾም ለንስሐ ነውና ለግፊት ብላችሁ ጹሙ አልልም። ሥርዓቱን ግን እዩት።

ሌላም አለ። በልጅነቴ እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፍቶ ነበር፤ ዛሬ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው። የዚያ ተማሪዎች በየሰፈሩ እየዞሩ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ይሉን ነበር። እናቴ አንዱን ተማሪ መጀመሪያ አባረረችው። ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው መምጣቱ ዶማውን ራሱ ይዞ ከአባቴ ጋር መቆፈር ጀመረ፤ ላቡ ሲወርድ እናቴ ጠላ አቀረበችለት። በዚያ ዓመት መጨረሻ መንደራችን ውስጥ ጉድጓድ የሌለው ቤት ነውር ሆነ። ያን ጊዜ የመከረንን ቃል ማንም አያስታውሰውም፤ ዶማውን ግን አስታውሰዋለሁ።

የቀሃው ልጄ፣ መስከረም 1 ቃል ስትገባ ማን ሰማህ? ሚስትህ ታውቅ ነበር?


የአዲስ ዓለሟ | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

አባባ ያሉት በእኛም ቤት ያለ ነው። ባለቤቴ ያጨሳል። በሌላው ወር «ሁለት ሰዓት አልችልም» የሚል ሰው በረመዳን ከሱብሒ እስከ መግሪብ አንዲት አይነካም። አዛን እንደተሰማ ቴምሩን ቀምሶ፣ ውሃ ተጎንጭቶ፣ ወደ በረንዳ ይወጣል። ያቺ በረንዳ ናት ጠላቴ እል ነበር። አምና ትልቁ ልጃችን እንዳፈጠሩ አባቱን እጁን ይዞ መስጊድ ይወስደው ጀመር፤ ተራዊህ፣ የረመዳን የማታው ሶላት፣ እስኪያልቅ አይለቀውም። በቀን አንድ ፓኬት የነበረው አራት ሲጋራ ላይ ወረደ። አላቆመም፤ ዛሬም አራት ላይ ነው። ዱዓ አድርጉልን።


የሦስት ልጆች እናት | ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10

ሁሉንም አነበብኩ፤ ምክሩ ልክ ነው። የምጽፈው ግን ከንዴት ጋር ነው፣ ይቅር በሉኝ።

በሳምንት 150 ደቂቃ ተራመዱ፣ በጊዜ ተኙ ይባላል። የእኔ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሌሊት ነው የሚመጣው። ቧንቧው መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ ያንን ስሰማ እነሣለሁ፤ በርሜሉን፣ ጄሪካኖቹን፣ ባልዲውን ሞልቼ ሳበቃ ወፍ ይንጫጫል። ከዚያ ቁርስ፣ ልጆች፣ ሥራ፣ ገበያ፣ ማታ መብራት ካለ ምጣድ። ለራሴ የተረፈኝ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያለው ሰዓት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ስልኩ ወሰደው። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልጋ ላይ እጋደማለሁ፣ አንዱ ቪዲዮ ሌላውን ይስባል፣ 7 ሰዓት ይሆናል። ሦስት ሰዓት እንቅልፍ። ራሴን ሰነፍ እል ነበር። ሰነፍ አልነበርኩም። ቀኑን ሙሉ የሰው ሆኜ የምውል ሴት፣ ያቺን ሰዓት የሙጥኝ ብዬ ነው።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ቻርጀሩን ከመኝታ ቤት አውጥቼ ሳሎን ቡፌው ላይ ሰካሁት። ለማንቂያ የአባቴን የጠረጴዛ ሰዓት፣ በቁልፍ የምትሞላውን፣ አሠራኋት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአልጋ ወርጄ ሳሎን ቆሜ አይ ነበር። አምና ኅዳር ላይ ነው፤ ብርዱ ከሲሚንቶው በእግሬ ሲገባ ይመልሰኛል። ቀስ በቀስ ሳሎን መሄዱም ቀረ። አሁን 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ተኝቻለሁ።

ግን ስልኩን ብቻ ነጥቄ በምትኩ ምንም ባላገኝ ኖሮ የምመለስ ይመስለኛል። ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ከሥራ እንደገባሁ 20 ደቂቃ የእኔ ናት፤ ልጆቹን እሱ ይይዛል፣ እኔ ጀበናዬን ጥጄ ጓሮ እቀመጣለሁ፣ ማንም አይጠራኝም። መጀመሪያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። አሁን ትንሿ ልጄ በር ላይ ቆማ ሌሎቹን ትከለክላለች። ቤተሰቡ ሳይስማማ ሴትን «ልማድሽን ለውጪ» ማለት በጭነቷ ላይ ጭነት መጨመር ነው። ይህን ባሎች እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።


ነርሷ ከአዘዞ | ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

እህቴ፣ ያን በርሜል መሙላትሽም እንቅስቃሴ ነው፤ ማንም አይቆጥርልሽም እንጂ ሰውነትሽ ይቆጥረዋል። እንቅልፍሽን በማስመለስሽ ደስ ብሎኛል።


የቀሃው ሰው | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

የዘገየሁት የሚነገር ነገር እስኪኖረኝ ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ተለካሁ፤ 150 በ96፣ 152 በ94። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ። ክኒኑን ከጥርስ ብሩሼ ጎን አስቀምጬዋለሁ፤ አንዱን ሳነሣ ሌላው ይታየኛል፣ እስካሁን አንድ ቀን አልረሳሁም።

አባባ፣ ጥያቄዎን ለባለቤቴ አነበብኩላት። «አልነገርከኝም ነበር» አለችኝ። ሰባት ነገር ጽፌ አብራኝ ለምትተኛው ሰው አንዱን አልነገርኳትም።

ከሰባቱ 11 ሰዓት ተኩልን መረጥኩ፤ የጀመርኩት ጥቅምት 22 ነው። ድንገት ብጠፋ ጓደኞቼ ኩራት አድርገው ያዩብኛል ብዬ ከሁሉም ለሚቀርበኝ ነገርኩት። እሱም ስኳር እንዳለበት እኔ ብቻ ነበር የማላውቀው። «በእግራችን እንሂድ» አለኝ። አሁን ከቢሮዬ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር አልፈን ቁልቁል ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እንወርዳለን፣ እሱ ከዚያ ይታጠፋል፣ እኔ ወደ ቤቴ። ያወራነው ወሬ በቢራ ቤት ዓመት ሙሉ ካወራነው ይበልጣል። ቅዳሜ ብቻ ፒያሳ እንቀመጣለን። ስኳሩን መቀነስ ገና አልጀመርኩም፤ አንድ በአንድ ብላችሁኛል።

አሁን ግን አንድ ነገር አስጨንቆኛል። ኅዳር 12 የሚካኤል ማኅበር አለብን። ጠላው ይቀዳል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል፣ እምቢ ማለት የባለቤቷን ድግስ መናቅ ነው። እንዴት ልሁን?


ባለ ቆሎው | ኅዳር 6፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30

መጀመሪያ የተቀዳልህን ተቀበል፣ አመስግን፣ ከንፈርህን አስነካና ያዘው። ቀጂ የምትጨምረው ለጎደለ ብርጭቆ ነው። ያልጎደለ ብርጭቆ የያዘ ሰው አይለመንም።


የቁስቋም ሽማግሌ | ኅዳር 7፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

«እምቢ» አትበል ልጄ። «ይቆየኝ» በል። ደጋግመህ በል፤ ማንም አይቀየምም።


የሦስት ልጆች እናት | ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እኔ ብዙ ማኅበር ቀድቻለሁ፤ ከቀጂ በኩል ያለውን ልንገርህ። እምቢ ባይ የሚያስቀይመን ምክንያቱን ስለማናውቅ ነው፤ ጠላዬ ኮመጠጠ ወይ ብለን እንጨነቃለን። ባለቤትህ ከዋዜማው ለባለ ድግሷ «መድኃኒት ጀምሯል» ብላ በጆሮዋ ትንገራት። ያን ጊዜ በሌላ ማሰሮ የተለየ ነገር አዘጋጅታ ትጠብቅሃለች፤ የሚለምንህ ቢመጣም እሷው ትከላከልልሃለች።


የቀሃው ሰው | ታኅሣሥ 27፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ማኅበሩ በሰላም አለፈ። የሦስት ልጆች እናት፣ እንዳልሽው ሆነ፤ ባለ ድግሷ የተልባ መጠጥ በጥብጣ ጠበቀችኝ፣ አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎችም ለእኛም ይቀዳልን አሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ወድቄ ነበር። የእናቴ ወንድም አርፎ ደንቢያ ለቅሶ ሄድኩ፤ ዘጠኝ ቀን። ስመለስ በመጀመሪያው ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ራሴን ፒያሳ አገኘሁት። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ሐዘንም ነበረብኝ። በአራተኛው ቀን ጓደኛዬ ምንም ሳይል ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ተበላሸ» ልለው ነበር፤ መምህሩ የጻፉት ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ሄድን።

ዛሬ ስቆጥር ከጥቅምት 22 ጀምሮ 66ኛው ቀን ነው። የተለየ ስሜት አልተሰማኝም። ትናንት ግን ጓደኛዬ ጉዳይ ገጥሞት ቀርቶ ነበር፤ ብቻዬን መሆኔን ያስተዋልኩት የፋሲል ግቢን አጥር ጨርሼ ቁልቁለቱን ከጀመርኩ በኋላ ነው። ግፊቴ ባለፈው ሳምንት 138 በ88 ሆኗል። ምን ያህሉ የክኒኑ፣ ምን ያህሉ የእግሬ እንደሆነ መለየት አልችልም።

ጨውን ባለቤቴ ናት የያዘችው። ዕቃውን ከማዕድ አንሥታ ጓዳ አስገባችው፤ የወጡንም እሷ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀነሰችው፣ ሳትነግረኝ። እሑድ ዕለት እንግዳ መጥቶ ጨው ሲጠይቅ ልጄ ተነሥታ ብትፈልግ አጣችው።


ነርሷ ከአዘዞ | ታኅሣሥ 27፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ25

ጋሼ፣ ዕልል ብያለሁ። ቁጥሩ ወረደ ብለው ክኒኑን እንዳይተዉት፤ የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪምዎ ነው።


ከአራዳ | ጥር 14፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ50

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ አሁን ነው አንብቤ የጨረስኩት። እኔ 29 ዓመቴ ነው። ጫት እቅማለሁ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሌሊቱ እንቅልፍ የለውም፣ ቀኑ ሥራ የለውም። የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከመዋኛው ሲመለስ እናቴ ከሕዝቡ መካከል አይታኝ ፊቷን አዞረች፤ ያላየሁ መሰላት። ብዙ ጊዜ ምያለሁ። አልቻልኩም።


የቀሃው ሰው | ጥር 14፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክልን። መማሉን ለጊዜው ተወው። በስንት ሰዓት ነው የምትጀምረው? የት ሆነህ? ከማን ጋር?


ከአራዳ | ጥር 14፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት ላይ። የአጎቴ ልጅ ቤት ነው። ሁልጊዜ አራት ነን።


የቀሃው ሰው | ጥር 14፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10

ከአራቱ ለአንተ ከሁሉም የሚቀርበው ማን ነው?